ዛፉ ስም የለውም እንዴ?

ባለፈው ኅዳር ከክፍላችን ልጆች ጋር ዘጌ ሄደን ነበር። 14 ነበርን። ጉዞው ለፊቸር አጻጻፍ ትምህርት ስለነበር እያንዳንዳችን ስንመለስ አንድ አንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ ታዘናል። እኔም አቅርቤያለሁ፤ ያገኘሁት ውጤትም የሚያስከፋ አልነበረም። ይህን የምጽፈው ግን በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ስላሰፈርኩት ነገር ሳይሆን ሳላሰፍር ስለቀረሁት ነገር ነው።

ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ዘጌ ለመድረስ ቢበዛ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። በኅዳር ጣና ገና ሙሉ ነው፤ የክረምቱ ውሃ ስላልጎደለ ዳር ያሉት ዛፎች እግራቸውን ውሃ ውስጥ የነከሩ ይመስላሉ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት መውረጃ ላይ ስንደርስ አስጎብኚያችን ጠበቀንና በዚያች በታወቀችው ቀጭን የእግር መንገድ ይዞን ገባ። ግራና ቀኝ ቡና ነው፤ ቀይ ፍሬው የደረሰበት ወቅት ነበር። ከቡናው በላይ ትልልቅ ዛፎች አሉ። ከዛፎቹ ላይ ጦጣዎች ቁልቁል ያዩናል። በየመንገዱ ጠርዝ መስቀል፣ ብራና ላይ የተሣለ ሥዕል፣ የእጅ መዳፍ የምታክል ታንኳ ዘርግተው የሚሸጡ ልጆች ተቀምጠዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሳው ግጭት ምክንያት እንግዳ በመቀነሱ እኛን ሲያዩ ያሳዩት ደስታ ትንሽ ያሳፍር ነበር፤ ተማሪ መሆናችንን ሲያውቁ ደስታው ቀዝቀዝ አለ።

አስጎብኚያችን ጎበዝ ሰው ነው። ይሄን አስቀድሜ ልናገር፤ በኋላ የምለው ነገር እሱን ለማሳጣት እንዳይመስልብኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ገብተን የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ሲያስረዳን አንድ ቀን የማይበቃ እውቀት እንዳለው ያስታውቃል። በላዔ ሰብእ ስንት ሰው እንደበላና በመጨረሻ በአንዲት ጭብጥ ውሃ እንዴት እንደተማረ ሲተርክልን ማስታወሻ መያዙን ትተን አፋችንን ከፍተን ነው ያዳመጥነው።

ችግሩ የመጣው ከቅጥሩ ወጥተን ወደ አዝዋ ማርያም በዛፎቹ ስር መሄድ ስንጀምር ነው። መንገድ ዳር ግንዱ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው አንድ ዛፍ ቆሟል። «ይሄ ምን ይባላል?» አልኩት። ቀና ብሎ አየና «ይሄ አገር በቀል ዛፍ ነው» አለኝ። ትንሽ ሄድን፤ ቅጠሉ የተለየ፣ ረጃጅም ቆባ የተንጠለጠለበት ሌላ ዛፍ አገኘን። «ይሄስ?» «እሱም አገር በቀል ነው።» ከዚያ በኋላ ነገሩ የልጆቹ መሳቂያ ሆነ። አንዱ ጦጣ እያሳየ «ይሄስ አገር በቀል ነው?» ይላል፤ ሌላው በጓደኛው ፀጉር ይቀልዳል። አንዷ የክፍላችን ልጅ ትንሿን ታንኳ አንስታ ከምን እንደተሠራች ስትጠይቅ አስጎብኚያችን «ከሣር ነው» አላት። ይሄኔ የምትሸጠው ልጅ፣ ከአስር ዓመት አትበልጥም፣ ቆጣ ብላ «ደንገል ነው እንጂ!» አለችው። ሁላችንም ሳቅን። እሱም አብሮን ሳቀ።

ኋላ ላይ ብቻውን ሳገኘው ስለዚሁ አነሳሁበት። ሳይደብቅ ነገረኝ። «እዚህ የሚመጣ እንግዳ ሥዕሉን፣ ዘውዱን፣ ብራናውን ነው የሚጠይቀኝ። ስለ ዛፍ ጠይቆኝ የሚያውቅ ፈረንጅ ወፍ ተመልካቹ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ መጽሐፉን ይዞ ስለሚመጣ እኔን አይፈልገኝም» አለ። ሥልጠና ሲሰጠው የተነገረውም ስለ ቤተ ክርስቲያናቱ ታሪክና ስለ መስተንግዶ እንጂ ስለ ዛፎቹ አልነበረም። ያልተጠየቀውን አላጠናም ብሎ በሰው መፍረድ ይከብዳል።

መንገዱን ያቃናልን አንድ ሽማግሌ ናቸው። ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ቡና እየለቀሙ ነበር። ሰላም ብለን ስናበቃ፣ የቀልዱ ትራፊ ይሁን የምር ማወቅ ፈልጌ እኔም አላውቅም፣ «አባባ፣ ይሄ ዛፍ ስም የለውም እንዴ?» አልኳቸው። «ምነው ልጄ፣ ስም የሌለው ነገር እግዜር ፈጥሯል?» አሉና ቅርጫታቸውን አስቀመጡ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከዚያን ቀን ጉዞ ሁሉ የሚበልጠው ክፍል ነው። ትልቁ ዛፍ ዋርካ ነው። እንኳን ዋርካን አለማወቅ! ግን ከ14 ሰው አንዳችንም እርግጠኛ አልነበርንም። ቆባ ያንጠለጠለው ብርብራ ነው። ከቡናው በላይ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋው ሰሳ ይባላል። «ሰሳ ጥላው ሳሳ ያለ ነው። ቡናውን ፀሐይም አይመታው፣ ጨለማም አያደርግበት» አሉን። ወደ ዋንዛው ወሰዱንና ግንዱን መታ መታ እያደረጉ «ቅድም ስትገቡ የሰማችሁት ከበሮ ከዚህ ነው የተፈለፈለው» ሲሉን ሁላችንም ዝም አልን። እኔ በጽሑፌ ውስጥ ስለ ከበሮው ድምፅ አንድ ሙሉ አንቀጽ ጽፌያለሁ። ከበሮው የበቀለበት ዛፍ ስር ቆሜ ግን አላወቅኩትም። ወደ ውሃው ዳር ደግሞ ዶቅማ አለ፤ ፍሬው ሲጠቁር ልጅ፣ ጦጣና ወፍ የሚሻሙበት ነው። ጌሾውን እንኳ ያሳዩን እሳቸው ናቸው። ጠላ ስንጠጣ እንጂ ጌሾ ቁጥቋጦው ላይ ሆኖ ምን እንደሚመስል ስንቶቻችን እናውቃለን?

ቀጥለውም እኔን እስካሁን እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ተናገሩ። ከእኛ አንዱ «ደኑ በጣም ያምራል» ሲላቸው «ደን አይደለም እኮ ልጄ። ጓሮ ነው» አሉት። የቱ ዛፍ የማን እንደሆነ፣ የቱን ማን እንደተከለው፣ የማን አባት ትቶት እንዳለፈ እያንዳንዱን እየጠቆሙ ነገሩን። የዘጌ ሰው እንደሚተርከው አቡነ በትረ ማርያም በትራቸው ተሰብሮ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቅሎበታል፤ በቃል ኪዳናቸውም በዚያ ምድር በሬ ተጠምዶ አይታረስም፣ ከብት አይረባም፤ ሕዝቡ ዛፉን ይዞ ያለ እርሻ ይኖራል። ይሄን ታሪክ አስጎብኚያችንም ነግሮናል። ግን እንደ አንድ ተአምር ነግሮን አለፈ፤ እኛም እንደ ተአምር ጻፍነው። ሽማግሌው በአንድ ዓረፍተ ነገር ወደ መሬት አወረዱት፦ «ላምና ፍየል ከሌለ ችግኙን ማን ይበላዋል?» አሉ። ዙሪያው ያለው አገር በእርሻና በግጦሽ ዛፉ ሲያልቅ ይቺ ምድር አረንጓዴ ሆና የቆየችበት አንዱ ምክንያት ይሄው ነው። እምነቱም አለ፣ አሠራሩም አለ፤ ሁለቱ የተያያዙ ናቸው። እህሉን ከውጭ ይገዛሉ፣ ቡናውንና ጌሾውን ይሸጣሉ። ቡናው ያልሰጠ ዓመት ደግሞ እጅ ወደ ዛፉ ይዘረጋል፤ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ማገዶ በጀልባ መጫን የቆየ ነገር ነው።

ተመልሰን ጽሑፎቻችንን በክፍል ውስጥ ስናነብ አንድ ነገር ቆጠርኩ። ከ14ቱ ጽሑፎች 11ዱ «ጥቅጥቅ ያለ ደን» ይላሉ። የእኔው «ሰማይ ጠቀስ ዛፎች» የሚል ጨምሮበታል። «ዐይንን የሚማርክ»፣ «መንፈስን የሚያድስ»፣ «ተፈጥሮ ያደላት» የማይል የለም። ከቡና በስተቀር የአንድ ዛፍ ስም የጠቀሰ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ሽማግሌው ያን ሁሉ ከነገሩን በኋላ እንኳ ማለቴ ነው! ሰምተናል፣ ማስታወሻችን ላይም አለ፤ ስንጽፍ ግን ለቁም ነገር የሚሆን ስላልመሰለን ተውነው። ከሁሉ የከፋው «ደን» የሚለው ቃል ነው። ደን ካልነው ባለቤት የለውም፣ ሠራተኛ የለውም፣ በራሱ የበቀለ ነገር ነው። ሰው ሲቆርጥበት ከታየ ደግሞ ወዲያው «ሕገ ወጥ» የሚል ዜና ይወጣዋል። ጓሮ ካልነው ግን ጥያቄው ይለወጣል፦ ይሄ ሰው አባቱ የተከለውን ዛፍ ለምን ሊቆርጥ ተነሳ? ቡናው ምን ሆነበት? አንድ ቃል በመምረጥ ብቻ ሁለት የተለያየ ዜና ይወጣል።

ብርብራን ብቻ እንውሰድ። ሽማግሌው የነገሩን ቅጠሉ እየረገፈ ለቡናው ማዳበሪያ እንደሚሆን ነው። ከባቄላ ወገን ስለሆነ መሬቱን እንደሚያለማ የዘርፉ ሰዎችም ይናገራሉ። በዚያው ዛፍ ፍሬ ደግሞ ዓሣ ይያዛል፤ ተፈጭቶ ወንዝ ላይ ሲበተን ዓሣውን ያሰክረዋል። ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ ተመራማሪዎች ላቢዮባርበስ የሚሏቸው የዓሣ ዝርያዎች አሉ። ብዙዎቹ በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ፤ ወንዙ ላይ ብርብራ የጠበቃቸው ጊዜ ለከርሞ የሚተካ አይኖርም። እንግዲህ አንድ ዛፍ ብቻውን የቡና ዜና ነው፣ የዓሣ ዜና ነው፣ የገበሬና የዓሣ አስጋሪ ክርክር ነው። «አገር በቀል ዛፍ» ብሎ ላለፈ ሰው ግን ከሦስቱ አንዱም የለም። ስሙን የማያውቅ ሰው ጥያቄ ሊጠይቅበት አይችልማ።

ይሄን ለአንድ ጓደኛዬ ሳጫውተው «እኛ ጋዜጠኛ እንጂ ቦታኒስት አይደለንም፤ ሲያስፈልግ ባለሙያ ትጠይቂያለሽ» አለኝ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ መምህሮቻችንም የሚያስተምሩን ይሄንኑ ነው። ሆኖም ባለሙያ ዘንድ የሚሄደው የሚጠይቀው ነገር እንዳለ ያወቀ ሰው ነው። ዐይኑ ሁሉንም ዛፍ አንድ አድርጎ ካየው ምን ብሎ ይሄዳል? ደግሞም ይሄው ጓደኛዬ የአርሰናልን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያሉትን ሳይቀር በስም፣ በቁጥርና በተገዙበት ዋጋ ይነግርሃል። ስፖርት የሚዘግብ ሰው «አንድ ተጫዋች አገባ» ብሎ ቢጽፍ በማግስቱ ሥራ የለውም። ስለ ሰው ስንጽፍም ስም ከነአባት፣ ዕድሜ፣ የሥራ ኃላፊነት ካላሟላን ጽሑፋችን በቀይ ተሰምሮበት ይመለሳል፤ ተገቢም ነው። «የተለያዩ ዕፅዋት» ብለን ስንጽፍ የሚያሰምርብን ግን የለም። ለምን?

አማርኛ ድሃ ሆኖብን እንዳይመስላችሁ። የዛፍ ስም አንዳንዴ ራሱ ዜና ነው። ባሕር ዛፍን አስቡት፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ነው፣ ስሙም ይሄንኑ ይመሰክራል። በአንድ ቃል ከየት እንደመጣ ያልረሳ ሕዝብ ነው የሰየመው። ጣና ላይ ደግሞ እምቦጭን እዩ። አረሙ ሐይቁ ላይ መታየቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ገበሬው በእጁ ሲነቅለው፣ ተማሪው በዘመቻ ሲወጣ፣ ዘፋኙ ሲዘፍንበት አገሩ ሁሉ ስሙን ያውቀው ነበር። «አንድ መጤ የውሃ አረም» እየተባለ ቢዘገብ ኖሮ ያን ያህል ሰው ይቆጭ ነበር ብዬ አላምንም። የሚገርመው አሁን ከጣና ዕፅዋት ሁሉ በስም የምናውቀው ጠላቱን ብቻ መሆኑ ነው። ሐይቁን ያኖሩትን፣ ደንገሉን፣ ዶቅማውን፣ ዋንዛውን አናውቃቸውም። ደንገሉ ከሐይቁ ዳር እየተመናመነ ነው፤ ቢጠፋ ደግሞ «ሣር ቀነሰ» ብለን ነው የምንዘግበው ማለት ነው።

የዚህን ጽሑፍ ሃሳብ ያመጣብኝ ግን ዘጌ ብቻ አይደለም። የራሴ ጉድ አለ።

በሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ከተነገረ ወዲህ በየክረምቱ ችግኝ መትከልና ስለ ችግኝ መዘገብ የተለመደ ነው። እኔም ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ በኮሌጃችን ጊቢ የተካሄደ ተከላ ላይ ለሚኒ ሚዲያችን ዜና ሠርቼ ነበር። ዜናው የመጀመሪያዬ ስለሆነ እስካሁን በቃሌ አለ። «አገር በቀል ችግኞች ተተከሉ» ይላል መሪ አንቀጹ። ቁጥሩ አለ፣ የተናጋሪው ስም አለ፣ «አሻራ» የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ አለ። «አገር በቀል» የሚለውን ያገኘሁት ከተሰጠን ወረቀት ነው። ችግኞቹን በዐይኔ አይቻለሁ፣ ሁለቱን በእጄ ተክያለሁ። ምን እንደሆኑ ግን አልጠየቅኩም፤ እንደሚጠየቅም አላወቅኩም።

ከዘጌ በተመለስን በሳምንቱ እዚያው ቦታ ሄድኩ። የሽማግሌው ጣት አሁንም ወደ ዛፍ የሚጠቁም እየመሰለኝ ነበር። ብዙዎቹ ችግኞች ጸድቀዋል፤ ደስ ይላል። ቅጠላቸው እንደ ፈርን የተሰነጣጠቀ፣ ከስሩ ነጣ ያለ ነው። ዘጌ ላይ እንዲህ ያለ ቅጠል አላየሁም። አትክልተኛው ውሃ እያጠጡ ነበርና «ጋሼ፣ ይሄ ምን ይባላል?» አልኳቸው። «ግራቪሊያ ነዋ» አሉኝ፣ እንዴት አታውቂውም በሚል ዐይን። ሄጄ አነበብኩ። ግራቪሊያ የመጣው ከአውስትራሊያ ነው። መጥፎ ዛፍ አይደለም፤ ቶሎ ያድጋል፣ ጥላ ይሆናል፣ ጣውላም ይወጣዋል። ግን አገር በቀል አይደለም። ስለዚህ በሕይወቴ የሠራሁት የመጀመሪያ ዜና በመሪ አንቀጹ ላይ ስህተት ነበረበት። ያን ዜና የሰማ ተማሪ፣ መምህር፣ አትክልተኛው ራሳቸው ሳይቀሩ፣ አንድም ሰው «ተሳስተሻል» አላለኝም። አትክልተኛውን ለምን እንዳልነገሩኝ ስጠይቃቸው «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፣ ታውቁታላችሁ ብዬ» አሉኝ።

የዘጌውን አስጎብኚ ስስቅበት የነበርኩት እኔ ነኝ እንግዲህ። እሱ እንኳ «አገር በቀል» ያለው በእውነት አገር በቀል የሆነውን ነው።

ከዲፓርትመንታችን የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በሚቀጥለው የመስክ ጉዞ ከአስጎብኚው ሌላ አንድ ቡና የሚለቅም ወይም ከብት የሚጠብቅ የአካባቢ ሰው አብሮን እንዲሄድ ቢደረግና ለድካሙ ቢከፈለው ደስ ይለኛል። ጉዞውም ቀስ ይበል፤ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሦስት ገዳም ለማዳረስ ስንሮጥ ዛፍ ስር የቆምነው ሽማግሌው ስላስቆሙን ብቻ ነው። ጽሑፋችን ሲታረም ደግሞ «የተለያዩ ዕፅዋት» የሚለው ላይ ይሰመርበት። መጀመሪያ ላይ እንደምንበሳጭ አውቃለሁ። እኔ ራሴ የመጀመሪያዋ ተበሳጪ ልሆን እችላለሁ።

ሚኒ ሚዲያችን እርማት የሚነበብበት ሰዓት የለውም፤ ጠይቄ «አሁን ማን ያስታውሰዋል» ተብያለሁ። ስለዚህ እዚህ ላይ እጽፈዋለሁ። ባለፈው ክረምት በጊቢያችን የተተከሉትን ችግኞች በሚመለከት «አገር በቀል ችግኞች ተተከሉ» ተብሎ በእኔ የተዘገበው ስህተት ነው። በቦታው ተመልሼ እንዳየሁትና አትክልተኛው እንደነገሩኝ አብዛኞቹ ግራቪሊያ ናቸው። በአጥሩ ጥግ በኩል ያሉት አራቱ ዋንዛ ናቸው፤ ከአራቱ አንዱ ደርቋል።